አባባ ሽማግሌ ይዘው ትምህርት ቤት የሄዱ ዕለት

ከደሴ የተነሳሁት ልጣላ ነው። እህቴ እናትነሽ ከዓረብ አገር ደውላ፣ «ትርንጎን ከትምህርት ቤት መልሰዋታል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ያልቃል። እኔ በሌለሁበት ማን ይናገርላት?» ብላ አለቀሰች። ልጇ ትርንጎ የምትኖረው መካነ ሰላም አጠገብ፣ ከአባታችን ጋር ነው። የስፌት ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ መናኸሪያ ወረድኩ።

ረቡዕ፣ መንገድ

ሚኒባሱ ሞላ ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ጨመረ። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ከጎኔ የተቀመጡት እናት የጋቢያቸውን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እግዜር ይስጣቸው። አቀስታ ላይ ለምሳ ወረድን። የሽሮው ዋጋ ከደሴው አይተናነስም፤ ግን ያጠግባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። እኔ ግን ለዳይሬክተሩ የምናገረውን እያሰናዳሁ ብዙም አላየሁት። «እናቷ ውጭ ያለች ልጅ ሰው የላትም ማለት አይደለም» የሚለውን ደጋግሜ አሳመርኩት።

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ ነገሩን ከትርንጎ ሰማሁ። የሰፈሩ ቦኖ ውኃ የሚለቀቀው ጠዋት ብቻ ነው። የአባባ ጉልበት ስለደከመ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው እሷ ናት። ተራዋ ሲደርስ ደወል ተደውሎ የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋል። ማርፈዷ ሲበዛ «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ» ተባለች።

«ታዲያ ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው አባባን።

«ለማርፈድማ ሰው አይጠሩም» አሉ። «ደፍራ ያልነገረችኝ ከባድ ጥፋት አለ። ብቻዬን አልቀርብም ብዬ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ሼህ ሰይድን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት፤ ለቅሶ ሄደው ነበር። አብሽሪ፣ ነገ ከቄስ አድማሱ ጋር ይዣቸው እሄዳለሁ።»

እኔ ልጣላ መጥቼ እሳቸው ሊለምኑ! ሳናጠፋ ምን ይቅርታ እንጠይቃለን ብዬ ተቆጣሁ።

«ማን እንዳጠፋ ሽማግሌ ያየዋል። አንቺ ዝም በይ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ትምህርት ቤት

በሩ ጋ ስንደርስ አባባ ድንጋይ አንስተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ፤ በደለኛ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው። አንገቴን ደፋሁ፤ ንዴቴም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ዳይሬክተሩ መምህር ይመር ወጣት ነው። ገና ሲያየን ከቢሮው እየሮጠ ወጣ።

«ኧረ በእግዚአብሔር አባቴ፣ ያውርዱት። ልጅቷ እኮ ያረፈደች ብቻ ናት።»

«ሌላ የለባትም?» አሉ አባባ።

«ምንም።»

ድንጋዩን ተቀብሎ አወረደላቸው። እኔ በቃ አለቀ ስል፣ ሼህ ሰይድ ወደ ዛፉ ጥላ አመለከቱ። «ሽማግሌ ከተያዘ ሳይዳኝ አይበተንም። መምህር፣ አንተም ና ተቀመጥ። ግራ ቀኙን እንስማ።»

ዳይሬክተሩ ከአባባ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በሩ የሚዘጋው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዳይረበሽ መሆኑን ተናገረ። ወላጅ ጠርቶ ሰው ስላልመጣ፣ ለልጅቷ የሚገደው የለም ብሎ አስቦ ነበር።

«እናቷንስ ጠየቅሃት?» አሉት ቄስ አድማሱ።

«ውጭ ናት ሲሉኝ ወላጅ የላትም ብዬ ተውኩት።» አቀርቅሮ፣ «ይሄ የኔ ጥፋት ነው» አለ።

ያን ሁሉ መንገድ ያሳመርኩትን እሱ ቀድሞ ተናገረው።

«ውኃ የምትቀዳው እሷ መሆኗን አለመንገሬ ደግሞ የኔ» አሉ አባባ።

ፍርዱ ለሁለቱም ወገን ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ከቦኖ የሚመጡትን ልጆች በር አይዘጋባቸውም፤ ሰው ሲጠራም የጠራበትን ምክንያት ያስታውቃል። ሰፈሩ ደግሞ የተማሪ ጀሪካን አስቀድሞ ያስቀዳል፤ ይህን ሼህ ሰይድ ራሳቸው ሊያስማሙ ወሰዱት። ዳይሬክተሩ ትርንጎ የቀረችባቸው ቀናት እንደማይቆጠሩባት ተናግሮ በኔ ስልክ ወደ እህቴ ደወለ። ስለ ልጅዎ ላማክርዎት ፈልጌ ነው ሲላት መልሷን በድምፅ ማጉያው ሁላችንም ሰማነው።

«ብር ላኪ የሚለኝ ብዙ ነው» አለች። «እዚህ ከመጣሁ ስለ ልጄ ያማከረኝ ግን የለም።»

ትርንጎ በዚያው ዕለት ተመዘገበች። ሽማግሌዎቹ በየተራ መረቁን፤ እኔም ልጣላው ከመጣሁት ሰው ጋር አብሬ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ስመለስ መንገዱን በደንብ አየሁት። ገብሱ ማሸት ጀምሯል። ብቻዬን ቢሮ ገብቼ ቢሆን እሳደብ ነበር፤ አባባ ብቻቸውን ቢገቡ ደግሞ ሲለምኑ ይውሉ ነበር። ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ ግን እኛም ትምህርት ቤቱም እኩል ባለጉዳይ ሆንን። ይህን ያሳዩኝን ሁለት ሽማግሌዎች በሕይወቴ ሁሉ አመሰግናለሁ።

ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን እናትነሽ ደወለች።

«መምህሩ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ደንግጬ፣ ልጄ ምን አጠፋች? አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላጠፋችም፤ ደህና እየተማረች መሆኗን ልነግርዎት ነው አለኝ።»