የላቀው ካሶኒ

የመካኒሳው ሾፌር ላቀው፣ አሸዋ ለሚያመላልስባት አሮጌ ጭነት መኪና የሚሳሳላትን ያህል ለራሱ ነፍስ አይሳሳም ነበር። ክረምት ሲገባ ካሶኒዋን፣ ማለትም የኋላ የጭነት ሣጥኗን፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዝገት እንዳይበላት ሬንጅ ይቀባትና በሸራ ይሸፍናታል። የቤቱ ጣሪያ ግን ያፈስ ነበር።

አንድ የሐምሌ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ፣ ሚስቱ ሸዋረገድን ካሶኒው ላይ፣ ከሸራው ሥር የራሰ ፍራሿን አንጥፋ ተኝታ አገኛት።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደረቁ ቤት ይሄ ነው፣ ጓድ ላቀው። ሚስትህ ብትዝግ ግድ የለህም፤ እዚሁ እከርማለሁ።»

«በዚህ እርጥብ ፍራሽ? መኪናዬን ልታዝጊያት ነው!»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ዝናቡ ጋብ ሲል የተረፈውን ሬንጅ አንጠልጥሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ለሚስቱ አዝኖ ይሁን ለካሶኒው፣ ለራሱም አልለየለትም፤ የሰው ልብ እንዲህ ነው።

«በደንብ ቀባው!» አለችው ከታች። «ካሶኒ ነው ብለህ አስበው!»