ሚጡ የገደለችው ሰው

ሚጡ ሙታንን አትፈራም። ይህን አስቀድሜ ልመስክርላት፤ ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ ትፈራለች። የበር ደወል ያስደነግጣታል፤ ስልክ ሲጮህ እስኪዘጋ ትጠብቃለች፤ የጎረቤት ውሻ ገና ሲያዛጋ መንገድ ትቀይራለች። ሃያ ዓመት ሞልቷት፣ «እህት» ከሚል ቃል ጋር የአባቷ ስም የተጻፈበት ጥቁር ባጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ እንኳን፣ ለእናቷ ያው ሚጡ ናት። የሚስዮናዊነት ጥሪዋ ደብዳቤ የመጣ ቀን እናቷ አንዴ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችውና፣ «ይቺ ደግሞ ማንን ልትሰብክ ነው? ሰው ቀና ብሎ ካያት ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ!» አለች።

ደግነቱ የተጠራችው ለስብከት አልነበረም። የእነሱ ቤተክርስቲያን ሰዎች፣ ሌላው ሰው ሞርሞን የሚላቸው፣ ሳይጠመቁ ለሞቱ ዘመዶቻቸው በቤተመቅደስ ይጠመቁላቸዋል። ለዚህ ደግሞ የሟቹ ስም፣ የልደት ዘመኑና የወላጆቹ ማንነት ተጣርቶ መታወቅ አለበት። ሚጡን የመደቧት እዚህ ሥራ ላይ ነው፤ እናቷ ቤት እያደረች፣ ለአንድ ዓመት ከስድስት ወር። የሥራ ቦታዋ ከጸሎት ቤቱ ኋላ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዱ ሲሞቀው ይጠፋል።

ሰኞ ልብሷን ታጥባለች። ማታ «ቤተሰቡ» ተሰብስቦ ይዘምራል፤ ቤተሰቡ ማለት እሷና እናቷ ናቸው፣ እናቷም ሁልጊዜ ከዜማው ቀድማ ትጨርሳለች። ማክሰኞና ሐሙስ ቀኑን ሙሉ፣ ዓርብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ትውላለች። ቅዳሜ ከደበዘዙ የመዝገብ ቅጂዎች ላይ ስም ስትለቅም ዓይኗ ይቀላል። እሁድ ቤተክርስቲያን ናት። ረቡዕ ግን የአዛውንቶችን ቤት እያንኳኳች የዘር ሐረጋቸውን ትመዘግባለች። ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ የማይወስዳት ለዚህ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ዛሬም ሰው ሁሉ «ቀያሹ» ነው የሚላቸው። ሥራ በጀመረች ቀን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧትና፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ማንንም በግምት እንዳትገድዪ» አሏት።

ሚጡ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ይህ ዕቃ ስለ እያንዳንዱ ሰው ይጠይቅሻል፤ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ሦስተኛ ምርጫ የለውም። በሕይወት አለ ካልሽ መዝገቡ ይቆለፋል፤ የሕያው ሰው ገመና ነውና ከመዝጋቢው በቀር ማንም አያየውም። ሞቷል ካልሽ በዚያችው ቅጽበት ይከፈታል። ዘመድ የተባለ ሁሉ ያየዋል፤ ኮምፒውተሩም በየአገሩ መዝገብ ስሙን ማደን ይጀምራል። ስለዚህ ተጠንቀቂ።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት መቼ ቸግሯት ያውቃል!

ከረቡዕ ቤቶቿ ሁሉ የምትወደው የልብስ ሰፊዋን ነበር። እሳቸው ዘንድ የላካት ውጭ አገር የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነው፤ የቤተክርስቲያኑ አባል ነውና የቤተሰቡን የትውልድ መዝገብ ከዚያው ሆኖ ይከታተላል። ልብስ ሰፊዋ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንዲት ክፍል ናት ያለቻቸው፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ ከወዲያ አልጋው። መቀሳቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ መርፌዎቻቸውን ከንፈራቸው መሐል ይይዛሉ፣ እንደዚያው ሆነው ያወራሉ። ዘመድ ጠርተው አይጠግቡም።

«ቀጥሎ አጎቴን ጻፊ። ሰነፍ ነበር። ሰነፍ ብለሽ ጻፊው!»

«እማማ፣ እሱ የሚሞላበት ቦታ የለውም እኮ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑን መዝገብ ሆነ!»

በአንድ ቀን አርባ አንድ ሟች መዘገቡ፤ እየሳቁ። ከዚያ ሚጡ ከቅጹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ልጆችስ እማማ?» አለች።

«አንድ።»

«በሕይወት አለ?»

መኪናው ቆመ። እማማ መርፌዎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ አወጡና ጨርቁ ላይ ሰኳቸው። ልጃቸው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሥራ ፍለጋ ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ፤ ወደብ ካለበት ከተማ አንዴ ደወለ፤ «ነገ እደውላለሁ» አለ። ይህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈው።

«አለ አልልሽም፤ ሞተ ብዬም አፌን አላሟርትበትም» አሉ። «አንቺ ፈላጊ አይደለሽ? ፈልጊልኝ።»

ሚጡ «በሕይወት አለ» ብላ መዘገበችው፤ ተቆለፈ። ከዚያ በኋላ በየረቡዑ በሩን ስታንኳኳ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ተገኘ?» ይሏታል። «ገና ነው እማማ» ትላለች። የተቆለፈ ስም ማን ይፈልገዋል? በስድስተኛው ረቡዕ እማማ ጥያቄውን አልጨረሱትም። ፊቷን አዩና ራሳቸው ቀደሟት፤ «ግድ የለም ልጄ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት» አሉ፣ እሷን ለማጽናናት። አንጀቷን በሏት።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ቀያሹ ደጅ ወጥተው ስልክ ሲያወሩ፣ ሚጡ መዝገቡን ከፈተችና «ሞቷል» የሚለውን ነካችው። በክፋት አይደለም፤ ምን ቆርጧት! ስሙ ይከፈት፣ ኮምፒውተሩ በየአገሩ የሆስፒታሉን፣ የመርከቡን፣ የስደተኛውን መዝገብ ያስስ፣ ምናልባት አንድ ቦታ ይገኝ ይሆናል። ማክሰኞ መልሳ ሕያው ታደርገዋለች። ማን ያውቃል? ማንም።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩ ምንም አላገኘም። እስከ ዓርብ ልታገሥ አለች። ያን ሳምንት የፈራችው ፍርሃት ከዚያ በፊት የፈራችውን ሁሉ ቢደምሩት አያህልም። ቀያሹ ወንበራቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ገጹን ትዘጋለች። ረቡዕ እማማ ቤት ሄዳ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። «አሞሻል እንዴ?» አሏትና ግንባሯን ዳሰሷት።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ተከፈተ። ኮምፒውተሯ ላይ ከእማማ የእህት ልጅ መልእክት መጥቶ ነበር፤ የተላከው ትናንት ማታ ነው።

«የወንድሜን ሞት መዝገቡ ላይ አየሁት። የት አገኛችሁት? አብረን ነው ያደግነው። አክስቴ ብቻዋን እያለች በስልክ እንዳትሰማው ብዬ እዚያ ላሉት ዘመዶች ነግሬያለሁ፤ ዓርብ ጠዋት ሄደው ያረዷታል። ለድካማችሁ እግዜር ይስጣችሁ።»

ወሽመጧ ተቆረጠ። ዓርብ ጠዋት ማለት ዛሬ ጠዋት ነው። ማለትም እማማ ከሰሙት ብዙ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ እሷ እቤቷ ቁጭ ብላ ቁርሷን ስትበላ ሰምተውታል።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አሉ ቀያሹ።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቃሉ እየተደናቀፈባት። ቀያሹ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን መስታወቱን በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ይህ ከቁጣ ባሰባት።

«ኃላፊው እኔ ነኝ፤ እኔ ልሂድና ልንገራቸው» አሉ በመጨረሻ።

ሚጡ እግራቸው ላይ ወድቃ ብትስማቸው ደስ ባላት! አዎ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን እማማ፣ አርባ አንድ ሟች የቆጠሩላት እማማ፣ ይህን ከማያውቁት ሰው አፍ ሲሰሙ ታያት። «አይ፣ እኔው ልሂድ» አለች። የማን ድምፅ እንደሆነ ለራሷም ገረማት።

አውቶቡሱ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያያት መሰላት። እማማ የደም ግፊት አለባቸው። ክፉ ነገር አግኝቷቸው ቢሆንስ? ወድቀው ቢሆንስ? «የገደለቻት ያቺ ባጅ የለጠፈችው ናት» ሲሉ ሰማቻቸው፤ ማንም ምንም ሳይል። ባጇን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ፌርማታ ሄደች፤ አላስቻላትም፣ አውጥታ መልሳ ለጠፈችው። ጣቷን ወጋት።

የእማማ በር ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ተላለፏት፤ እግሬ አውጪኝ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

«ማነው? አንቺ ነሽ ልጄ? ግቢ፣ ግቢ! እኔ ራሴ ልልክብሽ ነበር።»

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አብጧል፣ ፊታቸውን ግን ታጥበዋል። ሚጡ ያላሰበችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እማማ ያረፉ ይመስሉ ነበር። ትከሻቸው ወርዷል። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና አገላብጠው ሳሟት።

«አገኘሽልኝ አይደል? እግዜር ይስጥሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብ ያላለ እንባ ዛሬ ጠዋት ወረደልኝ። ለቅሶ እንዲህ እንደሚያሳርፍ አላውቅም ነበር። ያረዱኝ ሰዎች እንደወጡ፣ በቀን፣ ተኛሁ። እኔ! በቀን!» ፈገግ አሉ። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የት ነው የተቀበረው?»

እዚህ ላይ ነው ፍርሃት እንዴት ያለ ብልህ እንደሆነ ሚጡ ያወቀችው። ዝም በይ አላት። ወረቀቱ ስለ ቦታው አይናገርም በይ፤ ባሕር ላይ ነው በይ። ሴትዮዋ አርፈዋል፣ ዘመድ አልቅሷል፣ ቀያሹም ያዝኑልሻል እንጂ አይከሱሽም። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር።

«እማማ፣ አልተገኘም» አለች።

«ምን?»

«ምንም ወረቀት የለም። ሞቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞቷል ካልተባለ ኮምፒውተሩ አይፈልገውም፤ እንዲፈልገው ብዬ ነው። ሳላስፈቅድዎ። ይኑር ይሙት አላውቅም። አለ ማለትም አልችልም። እኔ…» የቀረውን ለቅሶ ወሰደው።

እማማ እጃቸውን ከእጇ አወጡ። ቀስ ብለው ነው ያወጡት። በደጅ ሰው ሲያልፍ፣ ሲስቅ ተሰማ። ሚጡ የሚመጣውን ትጠብቃለች፤ ጥፊም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን።

«ጠዋት ሰጥተሽኝ ከሰዓት ወሰድሽብኝ» አሉ እማማ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «እኔን አሁን ማን ያስተኛኛል? ንገሪኝ እስቲ! ዛሬ ደግሞ ኮቴ ልሰማ ነው። ነገም።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ዝም በይ።»

እማማ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ «ያን ስልክሽን አውጪ። አሁኑኑ አስተካክዪው» አሉ።

ሚጡ መዝገቡን ስትከፍት ሁለቴ ሳተች። «በሕይወት አለ» የሚለውን ነካች። ለምን እንደቀየረችው መዝገቡ ጠየቃት፤ «እኔ ስለተሳሳትኩ» ብላ ጻፈች። ተቆለፈ።

«ይኸው። አሁን ለሌላ ሰው አይታይም።»

«የእህቴ ልጅስ አያየውም?»

«አያየውም። ዛሬውኑ ጽፌ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ መዝገቡን ግን አያየውም።»

«የናንተ ሽማግሌስ፣ አለቃሽ?»

«እሳቸውም አያዩትም።»

«ታዲያ ማን ቀረ?»

«እኔ ብቻ፤ የመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ።»

እማማ ስልኩ ላይ ያለውን ስም በጣታቸው ሳይነኩት ተከተሉት። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ራሳቸው አዞሩት። እጃቸው ጠንካራ ነው፤ የስፌት እጅ ነው።

«እንግዲህ ሁለት ሆንን። እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበርኩ የምጠብቀው። እኔ ቀኔ ደርሷል፤ ብሄድ አንቺ አለሽ። ማንም ተነስቶ ሞቷል ብሎ እንዳይጽፍብኝ። የሚገኝ ከሆነ ይገኝ፤ እስከዚያ ግን የሚጠብቀው ሰው አይጣ። እሺ በዪኝ።»

የሚጡ አገልግሎት ሊያበቃ የቀረው አራት ወር ነበር። ይህ ግን ማብቂያ የለውም፤ ምን እየተጠየቀች እንደሆነ ገብቷታል። በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም።

«እሺ» አለች።

«አልሰማሁሽም።»

«እሺ፣ እማማ።»