በአደባባዩ መሀል፣ በሕግ አምላክ

ባሌ ያን ምስማር ግድግዳው ላይ የመታው ለሁለተኛ ጊዜ ጭቃ ለብሼ የገባሁ ቀን ነው። ሚኒባስ ወደ ዳር ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጥሎኝ ነበር። "ከእንግዲህ አንዴ ብትወድቂ፣ ሳይክሉ እዚህ ይሰቀላል" አለ። በሳይክሌ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መሄድ ከደስታዬ ሁሉ ይበልጥብኛልና ምስማሩን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ሕግ አክባሪ ነኝ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ዜብራ ላይ እግረኛ ካየሁ እቆማለሁ፤ ስታጠፍ እጄን እዘረጋለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ሴት ሳይክል ላይ ሆና እጇን ከዘረጋች ሰላምታ ነው። መንገድ ዳር ያሉ አባቶች ጎንበስ ብለው "ደኅና ነሽ ልጄ?" ይሉኛል። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ደግሞ እንዳላየ ሆኖ በጎኔ ሽው ይላል።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ሳለ አደባባዩ ውስጥ ገብቼ እየዞርኩ ነበር። ቀድሞ ለገባ ቅድሚያ መስጠት ሕግ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀኜ የመጣ ሚኒባስ ግን፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሳይክል፣ ዳር ያዢ!" እያለ፣ ዘሎ ገባብኝ። ምስማሩ ትዝ አለኝ። ፍሬኔን ጨምድጄ ይዤ፣ የእኔ በማይመስል ድምፅ ጮህኩ።

"በሕግ አምላክ!"

እኛ ዘንድ ይህ ከተባለ ተደባዳቢም ዱላውን ያወርዳል፤ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ሚኒባሱ ቀጥ አለ፤ ባጃጆቹም ቆሙ። ሾፌሩ ወርዶ "ምን በደልኩሽ እህቴ?" አለኝ። ከተሳፋሪዎቹ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተከትለውት ወረዱና እዚያው መሀል መንገድ ላይ ዳኛ ሆኑ።

"ቀድሞ የገባው ማነው?" ሲሉ ሾፌሩን ጠየቁት።

"እሷ ናት አባቴ" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

"እንግዲያ ፍርዱን ራስህ ሰጠኸው። ትለፍ።"

"እሺ አባቴ። እለፊ እህቴ።"

አለፍኩ! ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ አህያ የሚነዳው ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ሲጠብቀኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ከአደባባዩ ልወጣ ቀኝ እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው "በሰላም ግቢ ልጄ" አሉኝ። እሳቸውን ማረም አልሆነልኝም።

ቤት ስገባ ባሌ ጫማዬን አየ፤ የጭቃ ጠብታ እንኳ የለበትም። ምስማሩ ዛሬም እዚያው ነው። ሄልሜቴን እሰቅልበታለሁ።