ፋይበር ገብቶ ሥራ የፈታው ፍላሽ

በዴሳ በምትባል ከተማ ውስጥ በአንድ ቢሮ የከብት ክትባት ሪፖርት አዘጋጅ ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ሪፖርቱን በፍላሽ ይዤ በሚኒባስ ሶዶ ወዳለው ዋና ቢሮ እወጣለሁ። በኢንተርኔት እንዳንልከው፣ በእኛ ኔትወርክ ፋይሉ እስኪደርስ የተከተበው ጥጃ በሬ ሆኖ ያርሳል።

ባልደረቦቼ በአንድ አፍ ያዝኑልኛል፣ በሌላው ደግሞ ዕቃ ያሸክሙኛል፦ የሚታደስ ጫማ፣ የሚጠገን ስልክ፣ ኦቶና ሆስፒታል ለተኛ ዘመድ የሚደርስ ምሳ። እኔ ግን ዓርብን የምጠብቀው እንደ በዓል ነው። ምክንያቱ ሶዶ ላይ ፍላሹን የምትቀበለኝ ልጅ ናት። ሰክታ ታየውና "ደግሞ ቫይረስ ይዘህብኝ መጣህ?" ትላለች። እስክታጸዳው አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ከብት እናወራለን። የልቤን ግን አንድም ቀን አልተነፈስኩም። ኮርማ ቀንዱን ይዤ የማስከትብ ሰውዬ እሷ ፊት ምላሴ ይታሰራል።

ከዚያ የፋይበር ኢንተርኔት ገባ።

አለቃችን የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ስብሰባው ጉባኤ ይሆናል። "ይቺ ፋይበር ብርሃን ነው የሚሄድባት! የድሮው የኢንተርኔት ዲሽ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ያስጮኸን ነበር። ይቺ በትንሽ ባትሪ ትሠራለች። ናፍጣ ቀረ፣ ጭስ ቀረ፣ ወረቀት ቀረ። በየሳምንቱ ሰው ሶዶ መላክም ቀረ! ነዳጁ ተረፈ፣ አየሩ ጸዳ!"

"አሜን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

እኔ አሜን በማለት ፈንታ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ጨበጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው አልተሳሳቱም። መስኮታችን ሥር ያለው አቮካዶ ለዓመታት የጄኔሬተሩን ጥላሸት ለብሶ ኖሯል፤ ክረምቱ ሲያጥበው ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን አየን። የጽዳት ሠራተኛችን "ለካ እዚህ ግቢ ወፍ ነበረ!" አለች። ሁሉም ንጹሕ አየር እየሳበ ሲያመሰግን እኔ ብቻ ያ የተረገመ ጄኔሬተር ናፈቀኝ። የአካባቢ ጥበቃ ጠላት ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር፤ ለካ እኔው ራሴ ነኝ።

ሪፖርቱ አሁን ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ሶዶ ይደርሳል። ከእሷ የሚመጣው መልስ "ደርሷል" ብቻ ነው። አራት ነጥብ እንኳ የለውም። እሷን ሳላይ ሳምንቱ ያልቃል፣ ሌላውም ይተካል። በዚህ ዓይነት ሌላ ሰው ይዟት ሲሄድ ዜናውን በፋይበር እሰማለሁ ብዬ ተጨነቅሁ።

አንድ ዓርብ ግን "ፋይሉ አልከፈት አለ" የሚል መልስ መጣ። ደግሜ ላክሁ። "አሁንም እምቢ ብሏል። በፍላሽ አምጣው።"

አለቃዬ ተቆጡ። "የሌላው ሁሉ ሲከፈት የእኛ ምን ሆነ? ሰው በሚኒባስ ልንልክ ነው ፋይበር ያስገባነው?" አሉ፤ ግን ሪፖርት ነውና ፈቀዱ። ጫማቸው የተቀደደባቸው ባልደረቦቼ ወዲያው ከበቡኝ።

ሶዶ ስደርስ በአቧራ ተለውሻለሁ። ጠረጴዛዋ ጋ ቆሜ ኮምፒውተሯን ባይ ሪፖርቴ እስከ መጨረሻዋ የታመመች ጊደር ድረስ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ተከፍቷል እኮ!" አልኳት።

"ጠዋት ነው የተከፈተው" አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ ለምን አስመጣሽኝ?"

"በምን ልጥራህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትመላለስ አንድ ቀን ስልኬን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደስታ ሰውን እንደ ወባ እንደሚያንቀጠቅጥ ያን ዕለት አወቅሁ። እንደምንም "ስልክሽን ስጪኝ" አልኩ።

"ጻፍ" አለችኝ፣ "ላንተ ብዬ ሁለተኛ ነዳጅ አላስቃጥልም።"