ስኳር የናቀው ቁልፍ ቀራጭ

ሰው «ጤነኛ ነህ» ሲባል ተመስገን ይላል። ቁልፍ ቀራጩ ግን በየዓመቱ ላቦራቶሪ ሄዶ ደሙን ያስመረምርና «ስኳር የለብዎትም» ሲባል ፊቱ ዳምኖ ይወጣል። አንድ ጊዜማ የላቦራቶሪው ሰው ግራ ቢገባው፣ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት እኮ ነው የምልዎት!» አለው። «እስቲ ደግመህ እየው፤ ትንሽም የለም?» ብሎ ለመነው። ጉድ እኮ ነው! በሽታ ይለመናል?

ግን አይፈረድበትም። አያቱ በስኳር ሞቱ፣ አባቱ በስኳር ሞቱ። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱ ስኳር አለባት፤ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ወንድሙም ስኳር አለበት። እሱ ብቻ፣ የመጨረሻው ልጅ፣ ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር እየጠጣ ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ምንም አልሆነም። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ቤት ሲሰበሰቡ ሁለቱ ጣታቸውን ወግተው፣ «ስንት አለሽ?» «ሁለት መቶ አሥር፤ አንተስ?» እየተባባሉ እንደ ኳስ ውጤት ይከራከራሉ። እሱ ዳር ተቀምጦ ያያል። «እኔንም ውጉኝ እንጂ» ሲል ሹፌሩ፣ «አንተን ደግሞ ምን ብለን? መርፌ አታስባክነን» ይለዋል።

ይህ ሹፌር ምላሱ ክፉ ነው። በልጅነታቸው በተጣሉ ቁጥር፣ «አንተ እኮ በር ላይ ተጥለህ የተገኘህ ነህ» ይለው ነበር። መቼም ታላቅ ወንድም ሁሉ ይህን ይላል፤ ሰምቶ መርሳት ነው። ነገር ግን የሰውዬው ሥራ ቁልፍ ነው። ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን ይዞ፣ አንዱ ከአንዱ መቀዳት አለመቀዳቱን በዓይኑ ይለያል። የራሱን ፊት በመስታወት፣ የእነሱን በፎቶ እያየ ስንት ዓመት አመሳከረ፤ አልገጥም አለው። ስኳሩ ቢይዘው ኖሮ ነገሩ ያልቅለት ነበር። እትዬን ጠይቋት አያውቅም። እሱ ወደዚያ ቤት ሲመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ እሷ ብቻ ናት። የማይጠይቃትም ለዚሁ ነው።

በዚህ መሀል ዶክተሯ መጣች። ወጣት ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች፤ ስኳር በዘር እንዴት እንደሚሄድ ታጠናለች። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዱን ይዞት ሌላውን የሚምረው ለምንድን ነው? ምሥጢሩ ያለበትን ዘረመል ብታገኘው መድኃኒት ይፈለግበታል። አንድ ቅዳሜ ሦስቱም እትዬ ቤት ተሰብስበው ቁልፍ ቀራጩን ስታገኝ በደስታ የምታደርገው ጠፋት።

«እርስዎን ነው የምፈልገው! በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የሚከላከል ነገር ካለ፣ ያለው እርስዎ ጋ ነው።»

«ወንድማቸው ካልሆንኩስ?» አለ፣ የቀልድ አስመስሎ።

«እሱማ ወዲያው ይታወቃል። ከጥናቱ እናወጣዎታለን።»

«በል እንግዲህ፣ አሁን ይለያል!» ብሎ ሹፌሩ ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም።

ደም አልተቀዳም። ለእያንዳንዳቸው ስማቸው የተለጠፈበት ብልቃጥ ተሰጣቸው፤ እስከ መስመሩ ድረስ ምራቅ ተፍቶ፣ ከድኖ፣ በሁለት ቀን መመለስ ነው። ቀላል የሚመስለው፣ ስኳር ያለበት ሰው አፉ እንደሚደርቅ ለማያውቅ ነው። ሹፌሩ ግማሽ ቀን ሲታገል ዋለና፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት ስተፋ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ቢፈለግ ጠብታ ይጥፋ?» እያለ ተራገመ። ቁልፍ ቀራጩ በሦስት ደቂቃ ሞላው። ይሄ ራሱ አናደደው።

«አምጣው፣ የሁላችንንም እኔ አደርሰዋለሁ» ብላ እትዬ ተቀበለችው። የራሷንም ሞልታ ጨርሳ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤቷ ጎራ ቢል፣ ብልቃጥ ከአፏ ሥር ደቅና አገኛት። ከመትፋት በፊት መብላት ክልክል ስለሆነ፣ አንድ ሎሚ ለሁለት ከፍላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ታፈጥበታለች። በእጇ ሂድልኝ አለችው። ከሰዓት በኋላ ቢመለስም እዚያው ናት፤ ሎሚውም ተቀይሯል።

«ትናንት ጨርሻለሁ አላልሽም እንዴ?» ቢላት፣ ዓይኗን ከሎሚው ሳትነቅል፣ «ዝም በል፣ መጣ ስል ይጠፋብኛል» አለችው።

አራት ወር አለፈ። በዚያ አራት ወር ሰውዬው ቀልቡን ስቶ የስንቱን ቁልፍ አበላሸ መሰላችሁ! አንዷ ደንበኛው የቤቷን አስቀርጻ ብትሄድ የጎረቤቷን በር ከፈተላት።

በመጨረሻ ዶክተሯ ሦስቱንም ጠራቻቸው። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ሦስት ወንበር ከገባ በሩ አይዘጋም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም። በምራቅዎ መሠረት እርስዎ ሴት ነዎት።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ ሹፌሩ።

«ይሄ ብቻ አይደለም። ለስኳር ያጋልጣሉ የምንላቸው ዘረመሎች በሙሉ አሉብዎት። ከእህትዎ በአንድም ነገር አይለዩም። ምራቃችሁ እንደሚለው ከሆነ መንታ ናችሁ፤ በስምንት ዓመት ልዩነት የተወለዳችሁ መንታ!»

«እናታችን ጠንካራ ሴት ነበረች» አለ ሹፌሩ።

ዶክተሯ ፈገግ አላለችም። «ብልቃጦቹን ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ።

«መንገድ ላይ የተቀየረ ነገር አለ?»

«ልጄ፣ ምራቅ ምራቅ ነው። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ቁልፍ ቀራጩ ወረቀቶቹን አየ። ወጣ ገባ የሚሉት መስመሮች የቁልፍ ጥርስ ይመስላሉ፤ አንዱ ከአንዱ መቀዳቱን፣ ዕድሜውን በቁልፍ ለጨረሰ ሰው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሎሚው ትዝ አለው። ቀና ብሎ እትዬን አያት፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ነገሩ በአንዴ ገባው። ምራቁ የሚናገረውን ፈርታ፣ የሱን ደፍታ የራሷን ተፍታለታለች። በዚያ በደረቀ አፏ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ቀኑን ሙሉ። ሃምሳ ዓመት የፈራው ነገር እውነት ነው ማለት ነው። ይህን ያወቀ ቀን ምድር ተከፍታ የምትውጠው ይመስለው ነበር፤ አልዋጠችውም። እትዬን እንዲህ ወዷት አያውቅም። እንባው መጣ።

«ችግር የለም» አለች ዶክተሯ፣ አዲስ ብልቃጥ እያወጣች። «አሁን እዚሁ ፊቴ ይትፉልኝ። እውነቱን እናገኘዋለን።»

ሹፌሩ እንኳ ቀልዱን አቆመ። ቁልፍ ቀራጩ ብልቃጡን ተቀበለ፤ ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ ባዶውን ከድኖ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«አልቻልኩም ልጄ» አለ። «አፌ ደረቀ። የቤተሰባችን ነው።»

ሹፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እትዬን አየ። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

«እውነቱን ነው ዶክተር» አለ። «ከአባታችን የወረስነው ነው። ሦስታችንም።»