እናቴ ያልሰማቻት ማሽን

ሮታሪ የንቅሳት ማሽን ለምን እንደገዛሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ቀላል ናት፣ እጅ አታደክምም፣ ጥላ ሲሠራባት ቆዳ አታቆስልም እላለሁ። አንዱም ውሸት አይደለም። አንዱም ግን ምክንያቴ አይደለም።

ንቅሳት የምሠራው ኮልፌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ከእናቴ ቤት የሚለየኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሙያውን የለመድኩት በኮይል ማሽን ነበር። ኮይል ሽቦ የተጠመጠመባቸው ሁለት ማግኔቶች ብረት እየሳቡ እየለቀቁ መርፌውን የሚያዘልሉበት ማሽን ነው፤ አሠራሩ ከድሮ የበር ደወል ብዙም አይለይም፣ ጩኸቱም እንደዚያው። እኔ ያንን ጩኸት እወደው ነበር። መርፌው ጠልቆ ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፣ እጄን ቀለል ሳደርግ መልሶ ይቀጥናል፤ ግማሹን ሥራ በጆሮዬ ነበር የምሠራው። ቀጥ ያለ መስመር ለመሳብ እስከ ዛሬ እሱን የሚያህል አላየሁም።

እናቴ ግን አትችለውም ነበር። አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አለ። ጎጃም፣ ገና ልጅ እያለች፣ አክስቶቿ እጅና እግሯን ይዘው ነው ያስነቀሷት። «እኔን በግድ ነው፤ ያንተዎቹ ግን በገዛ እግራቸው ይመጣሉ። ምን ጉድ ነው!» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በቀልድ ነበር የምትለው፣ በኋላ ቀልዱ ቀረ። ማሽኑ ሲነሳ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላ ደጅ ትወጣለች። አንድ ቀን በዝናብ ከበሩ ውጪ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። «ሰው የሚላጥ ይመስለኛል» አለችኝ። ደግ ልጅ ቢሆን ሥራውን ይተው ነበር። እኔ ማሽኑን ቀየርኩ።

ሮታሪዋን ከዱባይ የተመለሰ ጓደኛዬ ነው ያመጣልኝ። በትንሽ ሞተር የምትሠራ ናት፤ ወፈር ያለ እስክሪብቶ ታህላለች። ድምፅ ብትባል ስስ እምምታ ብቻ ናት፣ ሬዲዮ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ከተከፈተ እሷም ትጠፋለች። በመጀመሪያው ቀን እጄ ግራ ገባው፤ የማዳምጠው ነገር አልነበረኝም። መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ወፈረብኝ። ቢሆንም እናቴን ገላገልኳት ብዬ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ልዋሻት አላሰብኩም ነበር።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ እናቴ በሬን አንኳኩታ ገባች። እንደ ዕድል ሆኖ ሰው አልነበረም፤ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችውና «ተውከው አይደል?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሰሞኑን ጭጭ ሲል ገብቶኛል እኮ። ብጠይቅህ እልህ እንዳትጋባ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ አሁን ምን ይዘሃል?»

«ስልክ ጥገና።» እጄ ላይ የነበረው ስልክ ነው ያናገረኝ።

ደንበኞቼ የሚተኙበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ለማርያም ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ ልጄን ከዚህ ነገር መልሺልኝ ብዬ። ይኸው ሰማችኝ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሳሏን አላውቅም ነበር። መናገር ካለብኝ ያኔ ነበር የምናገረው። እኔ ግን ትከሻዋን ብቻ ያዝኩ።

ጃንጥላው ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። በሚኒባስ ይዘነው ስንሄድ ረዳቱ ገና ሲያየው «ስለት ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ፤ ሁሉም ተጠጋ። አጠገባችን የነበረች ሴትዮ «ምን ተደርጎልሽ ነው?» ስትላት እናቴ በጣቷ እኔን አሳየቻት። ታክሲ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ስለቷ ሲነገር እልል ብላ የጀመረችው ራሷ ናት። ከጎኗ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ፤ ሰዎች ትሕትና መስሏቸው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ደንበኞቼን ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ አልኳቸው። አንዱ ወጣት ጀርባውን ሙሉ ንስር ሊያሠራ አራት ጊዜ ስለተመላለሰ፣ እናቴ «የዚህ ልጅ ስልክ ምን ነክቶት ነው የማይድነው?» ብላ አዘነችለት። እኔም ከልጁ ጋር ስስቅ ዋልኩ። አሁን ሳስበው ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያንኑ ልጅ በሆዱ አስተኝቼ የንስሩን ሁለተኛ ክንፍ ስሠራ፣ እናቴ ከውጭ «ና እስቲ ላንዳፍታ» አለችኝ። ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጥቤ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጫት ይዞት ሥራውንም ትዳሩንም የተወ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ንገራት እስቲ» አለች እናቴ። «ስለቴ እንዴት እንደሰመረ ካንተ አፍ ትስማው።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩኝ። «ጭራሽ አላማረህም የኔ ልጅ?»

ቢያንስ ልንተባተብ ወይም ላፍር እችል ነበር። የሚገርመው ቃሉ ሳልፈልገው መጣልኝ። «አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አስጠላኝ፣ እማማ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እጄ ገና የቆዳ ማጽጃ አልኮል ይሸት ነበር። እናቴ በኩራት ታየኛለች።

«ሥራ አለብኝ» ብዬ ወጣሁ። ክፍሌ ውስጥ ልጁ እንደተኛ ነው። አዲስ ጓንት አጥልቄ ማሽኗን አስነሳሁ። ኮይል ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ ሁሉን ይውጠው ነበር። አሁን ግን ግድግዳው እንደሌለ ያህል ሁሉም ይሰማኛል። ጎረቤታችን እያለቀሱ ይሳላሉ። ልጃቸው ከተመለሰላቸው፣ ሟች ባለቤታቸው ያሰሩላቸውን የወርቅ ሐብል ለማርያም ሊሰጡ ነው። ሌላ ወርቅ የላቸውም። እናቴ ከሥር ከሥራቸው «አሜን፣ አሜን፣ ለኔም ሰምታኛለች» ትላለች።

ማሽኗን አስቀምጬ በሩን ብከፍት፣ ሁለት ቃል ብናገር፣ ጎረቤታችን ሐብላቸውንም ተስፋቸውንም በእኔ ውሸት ላይ አይጥሉም ነበር። ልጁ ቀና ብሎ «ምነው ቆምክ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩትና ክንፉን ጨረስኩለት።