የተጠመቀው ጎማ

የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ዛሬም የትም ያግኘኝ፣ አፍንጫዬ ቀጥ ብሎ የሚወስደኝ ወደ ቀበናው ግቢያችን ነው፤ ሌላው ሰው ልጅነቱን በአበባ ሽታ ሲያስታውስ እኔ በጎማ ቅባት ማስታወሴ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የየሰው ዕጣ ነው።

ክረምት ሲወጣ፣ ጭቃና ጎርፍ ስትጠጣ የከረመችው የአባባ አሮጌ መኪና በክሪክ ተነስታ ጎማዎቿ ይወልቁ ነበር። አባባ ጎማው የሚዞርበትን ሞዞ ፈትቶ፣ ውስጡ ያሉትን ኩሽኔታዎች በናፍጣ አጥቦ፣ ግራሶውን በመዳፉ ዝቆ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው በብረት ኳሶቻቸው መሃል እየጠቀጠቀ ያስገባ ነበር። ደንቡን አሳምሮ ያውቃል፤ ማሰሪያው ዳዶ ጥብቅ ይደረግና፣ ብረት ሲሞቅ ስለሚያብጥ መልሶ ትንሽ ይላላለታል። አባባም ያላላው ነበር። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ይሄድና፣ የሳሙናው አረፋ ከክንዱ ሳይደርቅ ተመልሶ «ለማንኛውም» እያለ እንደገና ያጠብቀው ነበር። የቧንቧችንን እጀታና የበራችንን ማጠፊያ የጨረሰው ይኸው «ለማንኛውም» ነው፤ እማዬ ከበረንዳው እያየች በረጅሙ ትተነፍስ ነበር።

በበጋው አያቴ እማማ ታማ ተኛችና፣ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ጠበል ሳልጠጣ እህል አልቀምስም አለች። በማለዳ ወጥተን፣ ጠበሉን በጀሪካን ቀድተን ቁልቁል ስንመለስ የፊት ጎማችን ማጓራት ጀመረ። አባባ ነፋስ ነው አለ። ባሕር ዛፉ መሃል ስንደርስ ነፋሱ ይጨስ ጀመር። አባባ ዘሎ ወርዶ፣ ጎማው ሊነድ ነው ብሎ ደንግጦ፣ እጁ የገባውን ጀሪካን አንስቶ እስከ ጠብታው አንቆረቆረበት።

እማዬ ከመኪናው ወረደች።

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴ ጦሟን ተኝታ አንተ ጎማ ታጠምቃለህ?»

ባዶውን ጀሪካን አስታቀፈችው፤ እሱም ዳገቱን በእግሩ ተመለሰ። ሞልቶ ተሸክሞ ሲመጣ መኪናዋን እዚያው ትተን ወረድን፤ እማዬ መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት እየሄደች ዘወር ብላ አላየችውም። ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ፣ የእማማም ከንፈር ደርቆ ነበር። ጠጥታ፣ ትንሽ አጥሚት ፉት ብላ፣ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ ወደ አባባ ዞረች።

«ልጄ፣ ጎማው ተሻለው?»

እማዬ ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ከልክ በላይ ጠብቆ የነደደው ኩሽኔታ ተቀየረ፤ አባባ ግን አልተቀየረም።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ፣ ልጄ ዘንድ ነው። የእሷ መኪና ሞዞ ድፍን ነው፤ አይፈታም፣ አይቀባም፣ ሲያረጅ እንዳለ ይጣላል፤ ይህን ስትነግረኝ ለምን እኔን እኔን እንደምታይ አላውቅም። ዳዶ አጥብቄ ስለሰበርኩባት መፍቻዎቿን ትደብቅብኛለች። ባለፈው ሰሞን እንጦጦ ወጥተን ጠበል ቀዳን፤ ስንመለስ በአስፋልቱ ጎማው ሳያጓራ ቁርስ ሳያልፈን ቀበና ደረስን። ያን ጊዜ እስኪመሽ ድረስ ጦሟን የምትጠብቀን እማማ ነበረችን፤ ዛሬ በጊዜ ደርሰን፣ ጀሪካኑ እግሬ መሃል እንደሞላ፣ በአሮጌው ግቢያችን በር ሳንቆም አለፍን።